ቀፎ የማይገቡት ንቦች

ጤና ይስጥልኝ። በዕረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ንብ ነው፤ ስለ ማር ግን ብዙ አልልም። ስለ ማር የሚናገር ሰው አገራችን ላይ አይጠፋም። በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዎቹ እኛ ስለሆንን ተገቢም ነው። እኔ ላስተዋውቃችሁ የመጣሁት ግን ቀፎ የማይገቡትን ንቦች ነው። አብዛኞቹ ማር አይሰጡንም። ንግሥትም ሠራተኛም የላቸውም። በየቀኑ እናያቸዋለን፣ «ዝንብ ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። ለእርሻችንና ለጫካችን የሚሠሩትን ሥራ ሳስብ ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ከቁጥር ልጀምር። በዓለም ላይ እስካሁን በሳይንስ ስም የወጣላቸው የንብ ዝርያዎች ከ20,000 ይበልጣሉ። የወፎችንና የአጥቢ እንስሳትን ዝርያ ብትደምሩት እንኳ እዚህ ቁጥር ላይ አይደርስም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የማር ንብ የሚባለው ወገን አሥር ገደማ ዝርያ ብቻ ነው ያለው። የእኛዋ ቀፎ ገቢ ንብ፣ አፒስ ሜሊፌራ፣ ከእነሱ አንዷ ናት። ሌሎቹ የት ነው ያሉት? አብዛኞቹ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። አንዲት እናት ብቻዋን ጎጆ ትሠራለች፣ ብቻዋን ስንቅ ትሰበስባለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ልጆቿን አታያቸውም። ጎጇቸው ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እግራችን ሥር ነው። ከንብ ዝርያዎች 70 በመቶ ያህሉ መሬት ቆፍረው የሚኖሩ ናቸው ተብሎ ይገመታል።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ንብ እንጠብቅ ሲባል ሁላችንም ስለ አበባ ነው የምናስበው። አበባው ምግብ ነው። ቤቱስ?

እስቲ አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ግቢያችሁ ውስጥ ጽጌረዳ ካለ ቅጠሉን አገላብጣችሁ ተመልከቱ። አንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ላይ ክብ ሆኖ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ። ቆራረጡ በጣም ንጹሕ ነው፤ አባጨጓሬ የበላው ቅጠል እንዲህ አይሆንም። የቆረጠችው ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ትቆማለች፣ በመንጋጋዋ ዙሪያውን ትቆርጣለች፤ ሥራው ሰከንዶች ብቻ ነው የሚፈጅባት። ቁራጩን በእግሮቿ አቅፋ ወደ ጎጇዋ ትበራለች። ጎጆዋ የደረቀ እንጨት ውስጥ ያለ ቀዳዳ፣ ባዶ ሸምበቆ፣ አንዳንዴም የግድግዳ ስንጥቅ ነው። ሞላላዎቹን ቁራጮች ለግድግዳ፣ ክቦቹን ለክዳን ትጠቀማለች።

ቅጠሉን ጠቅልላ ትንሽ ክፍል ከሠራች በኋላ የአበባ ብናኝና ቅስም፣ ማለትም የአበባውን ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ለውሳ ታስገባለች። ላዩ ላይ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ ትዘጋዋለች። ቀጥላ ሁለተኛውን ክፍል፣ ሦስተኛውን፣ ቀዳዳው እስኪሞላ ድረስ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ነው። ውስጥ ውስጡን ሴት የሚሆኑትን፣ ወደ በሩ ወንድ የሚሆኑትን ታስቀምጣለች። የምትመርጠው ራሷ ናት። በንቦች ዘንድ ዘር የገባበት እንቁላል ሴት፣ ያልገባበት ወንድ ይሆናል። እናትየው ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ዘሩን ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ በምትፈልግበት ጊዜ ብቻ ትለቀዋለች። ወንዶቹ ቀድመው ስለሚያድጉ ከበሩ አጠገብ ሆነው ማንንም ሳይረብሹ ቀድመው ይወጣሉ፤ ሴቶቹን ውጭ ይጠብቃሉ።

ጽጌረዳው በዚህ አይሞትም። እባካችሁ መድኃኒት አትርጩባት።

አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አይለፉም። ሌላዋ ንብ ለልጇ ያዘጋጀችው ክፍል ውስጥ ሾልከው ገብተው የራሳቸውን እንቁላል ይጥላሉ። ከሚፈለፈለው እጭ ወይም ከራሷ ከወራሪዋ የባለቤቲቱ ልጅ አይተርፍም፤ ስንቁንም የእንግዳዋ ልጅ ይበላዋል። እነዚህ ብናኝ ስለማይሸከሙ ፀጉራቸው ስስ ነው፤ ተርብ ይመስላሉ። ሰው ስለ እነሱ ሲሰማ ይናደዳል። እኔ ግን አንድ ሰፈር ላይ ሳያቸው ደስ ይለኛል። እነሱ ካሉ የሚዘረፉት ባለቤቶች በደህና ቁጥር አሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ አመዳደባቸው ልግባ። ንቦች ዛሬ በሰባት ቤተሰብ ይከፈላሉ። ሁሉንም ማስታወስ አይጠበቅባችሁም። ቅጠል ቆራጯ የሜጋኪሊዴ ቤተሰብ ናት፤ ብናኝ የምትሸከመው በእግሯ ሳይሆን በሆዷ ሥር ባለ ፀጉር ነው። ሆዷ ቢጫ ሆኖ ካያችኋት እሷ ናት ማለት ትችላላችሁ። ላብ ሲያልባችሁ ክንዳችሁ ላይ አርፈው የሚልሱት ትንንሾች፣ አንዳንዶቹም አረንጓዴ የሚያብረቀርቁት፣ የሃሊክቲዴ ልጆች ናቸው። ኮሌቲዴዎች የመሬት ውስጥ ክፍላቸውን ከሰውነታቸው በሚያወጡት ፈሳሽ ይለስኑታል፤ ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ስስ ላስቲክ መሰል ነገር ይሆናል። አንድሬኒዴ፣ ሜሊቲዴ፣ በአውስትራሊያ ብቻ የሚገኘው ስቴኖትሪቲዴ አሉ። ሰባተኛው አፒዴ ነው፤ የማር ንብ፣ ጣዝማና እንጨት የምትቦረቡረዋ ጥቁር ንብ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው።

ይህ ምደባ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1802 ዊልያም ከርቢ የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ የአገራቸውን ንቦች በምላሳቸው ርዝመት ለሁለት ከፈሏቸው፤ አጭር ምላስና ረጅም ምላስ ብለው። ጥሩ ዓይን ነበራቸው፤ ምላስ ዛሬም ንብ ለመለየት ይጠቅማል። ችግሩ በኋላ የመጣው ነው። ኮሌቲዴዎች ምላሳቸው አጭርና ጫፉ ላይ ሁለት የተከፈለ ነው። የተርብም እንደዚያው ነው። ንብ ከተርብ ስለመጣች ከንቦች ሁሉ ጥንታዊዎቹ እነሱ ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነ። የዘረ መል ምርመራ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ከንቦች የዘር ግንድ ሥር ያለው የሜሊቲዴ ወገን መሆኑን አሳየ። ይህ ቤተሰብ ትንሽ ነው፤ ብዛቱ የሚታየው ግን በአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ንቦች የተነሡት ከ120 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ገና ሳይለያዩ፣ በዚያው አንድ ምድር ላይ መሆኑን አመለከተ።

አያቶቻቸው ሥጋ በል ነበሩ። ከንቦች ጋር በጣም የሚቀራረቡት ትንንሽ ተርቦች ዛሬም ትሪፕስ የሚባሉትን ደቃቅ ነፍሳት ያድናሉ። ትሪፕስ አበባ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ገላው ላይ ብናኝ ይይዛል። ለልጆቿ ትሪፕስ የምትሸከም ተርብ ሳታስበው ብናኝም ትሸከማለች ማለት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን አደኑ ቀርቶ ብናኙ ብቻ የልጆች ምግብ ሆነ የሚለው ግምት ከዚህ ነው የመጣው። ለእኔ በጣም አሳማኝ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከማር ንብ ቀጥሎ ሁላችንም በስም የምናውቃት አንዲት የዱር ንብ አለች። ጣዝማ። ማሯን ለሳልና ለጉሮሮ ያልቀመሰ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ይመስለኛል። ማሩን ግን ከሰማንያ ዓይነት ሱቅ ገዝተነው፣ ንቧን ስንቶቻችን አይተናታል?

ጣዝማ መንደፊያ ከሌላቸው ንቦች ወገን ናት። በዓለም ላይ ከ500 በላይ የዚህ ወገን ዝርያዎች አሉ፤ የእኛዋ በሳይንስ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ትባላለች። ከማር ንብ ታንሳለች። እንደ ማር ንብ ንግሥትና ሠራተኞች አሏት፤ የምትኖረው ግን መሬት ውስጥ ነው። ከላይ የሚታየው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ጠባቂዎች ይቆማሉ። እንደ ማር ንብ ባለ ስድስት ጎን የማር እንጀራ አትሠራም። ሰሟን ከዛፍ ሙጫ ጋር ታዋህድና ትንንሽ ክብ ማሰሮዎች ትሠራለች። ማሩ አንድ ወገን፣ እንቁላሉና እጩ ሌላ ወገን ይቀመጣሉ። ማሩ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነው።

አሳሳቢው አቆራረጡ ነው። ማር ፈላጊው ቀዳዳውን ያገኛል፣ ይቆፍራል፣ ጎጆውን ያወጣል። ማሩ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን ከተራው ማር ይበልጣል። ቤተሰቡ በሙሉ እዚያው ይበተናል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ቦታ ላይ ጣዝማ የለም። ገበሬውን አልወቅስም፤ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የተሻለ መንገድ ግን አለ። በሜክሲኮ ዩካታን የማያ ሕዝብ መንደፊያ የሌላትን የራሱን ንብ ከጥንት ጀምሮ በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ያረባታል፤ ማሩን ወስዶ ቤተሰቡን ያቆየዋል። እኛም ጋ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጣዝማን ወደ ሣጥን አምጥቶ ለማላመድ ሠርተዋል። የጣዝማ ማር ነጋዴዎች ካላችሁ ይህን ጉዳይ ከምር ያዙት። ንቧ ካለቀች ንግዱም ያልቃል።

ሌላዋን ደግሞ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ እየጮኸች የምትበር፣ የጣራ እንጨት የምትበሳ። ብዙ ሰው ጥንዚዛ ናት ይላል። ውጭ አገር የኖረ ሰው ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚታወቀው ፀጉራም ባምብልቢ ጋር ያምታታታል። ባምብልቢ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለም። ይቺ እንጨት ቦርቧሪዋ ንብ ናት፤ ወገኗ ዚሎኮፓ ይባላል። እንጨቱን አትበላውም፤ ፍቅፋቂውን ወደ ውጭ ትጥለዋለች። የምትመርጠውም የሞተ እንጨት ነው። በአንዳንድ ዝርያዎች ሴቷ ጥቁር፣ ወንዱ ቢጫ ስለሆነ ሁለት የተለያዩ ነፍሳት ይመስላሉ። ፊት ለፊታችሁ አየር ላይ ቆሞ የሚያፈጥባችሁ ወንዱ ነው፤ መንደፊያ የለውም።

ጩኸቷ ሥራ ነው። መንገድ ዳር ያለውን እምቧይ አስቡት። አበባው ሐምራዊ ነው፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ዘንጎች አሉት። ቅስም የለውም። ብናኙም እንዲሁ አይገኝም፤ በዘንጎቹ ጫፍ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ካልሆነ አይወጣም። ቦርቧሪዋ ዘንጎቹን በመንጋጋዋና በእግሮቿ ጨምድዳ ትይዝና ክንፏን ሳትዘረጋ የክንፏን ጡንቻ ታንቀጠቅጣለች። ድምፁ ይለወጣል፤ ከመብረር ድምፅ ቀጠን ይላል። ብናኙ በቀዳዳው ተስፈንጥሮ ሆዷ ላይ ይረግፋል። ቲማቲም፣ ድንችና ደበርጃን የእምቧይ ዘመዶች ናቸው፤ አበባቸው የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ቲማቲም በራሱም ያፈራል፤ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ግን ፍሬው ይበዛል፣ ይወፍራል። የማር ንብ ይህን ማድረግ አትችልም። አውሮፓ ውስጥ የቲማቲም ግሪንሃውስ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባምብልቢ እየገዙ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

ንብ የሚበዛው የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው ጥቅጥቅ ያለ የሐሩር ጫካ ይላል። ወፍና ቢራቢሮ እንደዚያ ናቸው። ንብ ግን ደረቅና ፀሐያማ አገር ላይ ነው ዝርያዋ የሚበዛው። ምክንያቱ መሬት ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ ብናኝ ይሻግታል፣ እጩም በሻጋታ ይሞታል። ደረቅ አፈር ስንቁን ያቆያል። በረሃ ላይ እጩ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ንቧም አበባውም አብረው ይወጣሉ። ለዚህ ነው እስራኤልን በምታክል ትንሽ አገር ውስጥ ከ1,000 በላይ የንብ ዝርያ የሚገኘው።

ገበሬዎች እዚህ ስላላችሁ ስለ ሰብል ልናገር። ጤፍና ስንዴ ንብ አያስፈልጋቸውም። ኑግ ግን በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ይፈልጋል። ዱባ ወንድ አበባውና ሴት አበባው ለየብቻ ስለሆኑ ያለ ንብ ዱባ የለም። ቡና በራሱም ያፈራል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በጥሩ ቁጥር አሳይቷል። ሦስት ዓይነት ንብ ብቻ በሚጎበኘው ማሳ ላይ ከአበባው 60 በመቶ ያህሉ ፍሬ ያዘ። 20 ዓይነት ንብ ባለበት 90 በመቶ ደረሰ። ልብ በሉ፣ ለውጡን ያመጣው የዓይነቱ መብዛት ነው። አንዷ በጠዋት ትመጣለች፣ ሌላዋ ፀሐይ ሲበረታ፤ አንዷ ከላይ፣ ሌላዋ ጥላው ውስጥ ትሠራለች። በቀጣዩ ዓመት ኮስታሪካ ላይ በተሠራ ጥናት ደግሞ ከጫካ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ቡና ምርቱ 20 በመቶ ብልጫ ነበረው።

ጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት ቡናውን በብዛት ስትጎበኝ የተገኘችው የማር ንብ ናት። ይህ ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። እዚህ አገር የማር ንብ ራሷ የዱር ንብ ናት። ከፋና ሸካ ወይም ባሌ ሐረና ሂዱ። ቀፎው ታጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ የንብ መንጋው ከጫካ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ይገባል። አግብቶ የሚያራባት፣ ዘር የሚመርጥላት የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች የደጋችንን ንብ ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ ናት ብለው ሲሜንሲስ የሚል ስም ሰጥተዋታል። አሜሪካ ግን የማር ንብ እ.ኤ.አ. በ1622 በመርከብ ቨርጂኒያ የገባች የቤት እንስሳ ናት። የአገሩ ተወላጅ ንቦች 4,000 ያህል ዝርያ ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ያለ ዘመዳችሁ «ንብ ለማዳን ቀፎ ገዛሁ» ካላችሁ፣ ለማር ከሆነ ጥሩ ነው በሉት። ለዱር ንቦቹ ግን አንድ ቀፎ ሙሉ ተፎካካሪ ነው ያመጣባቸው።

ንብ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ የሚያስከትለውን ለማወቅ ቺሊን እዩ። ለግሪንሃውስ ተብሎ የአውሮፓ ባምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገባ። አምልጦ እስከ አርጀንቲና ተስፋፋ፣ ከራሱ ጋርም በሽታ ይዞ ሄደ ተብሎ ይታመናል። የአገሩ ተወላጅ የነበረው ቀይ ግዙፍ ባምብልቢ፣ ቦምቡስ ዳልቦሚ፣ ቀድሞ ከነበረበት አብዛኛው ቦታ ጠፍቷል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የባምብልቢ ዝርያን በመጥፋት ላይ ካሉ እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስገብታለች።

የእኛ አገር አደጋ ደግሞ ዓይናችን ሥር ነው። ማሳው አበባ ላይ እያለ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፀረ ተባይ ይረጫል። ንብ አናቢው ሲያለቅስ እንሰማለን፤ የሞቱት ንቦቹ ቀፎው ደጃፍ ላይ ስለሚቆጠሩ። የዱሮቹን የሚቆጥር የለም። መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ከሥራ ስትገባ፣ ማታ ይረጭ። ፀረ አረም ደግሞ ንቧን ባይገድላት እንኳ በሰብሎቹ መካከል የምትቀልባትን አበባ ይጨርሳል።

ትንንሾቹ ንቦች ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አይርቁም። አበባው እዚህ፣ ጎጆው ማዶ ቢሆን አይሠራም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደን፣ ትምህርት ቤት ግቢ፣ የማሳ ድንበር የሚባሉት ትንንሽ ቦታዎች ከሚመስሉት በላይ ዋጋ አላቸው። ግቢያችሁን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ አታልብሱት። ፀሐይ የሚመታው፣ የማይታረስ፣ ራቁቱን የሆነ አንድ ጥግ አስቀሩ። የደረቀ ግንድ ካለ ሁሉንም ለማገዶ አትፍለጡት። ሸምበቆ ቆርጣችሁ አንድ ጫፉን ደፍናችሁ ዝናብ የማይመታው ግድግዳ ላይ አግድም እሰሩት፤ ቅጠል ቆራጮቹ ራሳቸው ያገኙታል።

ይነድፋሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ለብቻቸው የሚኖሩት ንቦች የሚጠብቁት ማር ስለሌላቸው ሰው አያሳድዱም። በእጃችሁ ካልጨበጣችኋቸው ወይም ካልረገጣችኋቸው አይነድፉም፤ ወንዶቹ ጭራሽ መንደፊያ የላቸውም። ልጆች ከጎጆው አጠገብ ቁጭ ብለው ቢያዩ ችግር የለም። ገጠር ያላችሁ ደግሞ የጭቃ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ክብ ቀዳዳዎች ስታዩ ቶሎ አትለስኗቸው። አፋቸው በጭቃ ወይም በቅጠል የተደፈነው ቀዳዳዎች ውስጥ እጭ አለ። ንቦቹ ወጥተው ቀዳዳው ባዶ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ለስኑ። ያኔም ከተቻለ ፀሐይ በሚመታው በኩል ጥቂቱን ተዉላቸው፤ የሚወጡት ልጆች ብዙ ጊዜ እዚያው ግድግዳ ላይ ጎጆ መሥራት ይፈልጋሉ።